ውሃ ድንጋይን እንዴት ይበላል?



ውሃ ለስላሳ ነው። በእጃችን ስንዘግነው በጣታችን መካከል ይፈሳል። ድንጋይ ጠንካራ ነው። በመዶሻ ካልመቱት አይሰበርም። ታዲያ ለስላሳው ጠንካራውን ይበላዋል ቢባል ማን ያምናል?

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እዚሁ አሪቻ ከዳገቱ ላይ አንድ ድንጋይ አንሡ። ከወንዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ድንጋይ አውጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በእጃችሁ ዳብሷቸው። የዳገቱ ድንጋይ ጠርዝ አለው፤ ይሻክራል፤ እጅ ይቧጭራል። የወንዙ ድንጋይ ግን እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ ነው። እሱም አንድ ቀን ከዳገት የወረደ ነው። ጠርዝ ነበረው። ታዲያ ጠርዙ የት ሄደ?

ጠርዙን ውሃ በልቶታል። የተበላው ድንጋይ አሸዋና ጭቃ ሆኖ ወደ ቆላ ወርዷል። ይህ ሥራ ሌት ተቀን አይቆምም። ተራራውን የቀረጸው፣ ሸለቆውን የቆፈረው፣ ሜዳውን የደለደለው ይኸው ሥራ ነው። ስለዚህ የውሃን ሥራ ማወቅ የምንኖርበትን መሬት ማወቅ ነው። ስለ ዳገቱና ስለ ጎርፉ ብዙውን ነገር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኔ በትምህርት ቤት ያገኘሁትን እጨምርበታለሁ።

ድንጋይ መጀመሪያ ይበሰብሳል

እንጨት ይበሰብሳል እንላለን። ድንጋይም ይበሰብሳል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። እንጨት በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። ድንጋይ ግን ሺህና አሥር ሺህ ዓመታት ይፈጅበታል።

ድንጋይን የሚያበሰብሱት ብዙ ናቸው። ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ሌሊት ብርድ ያቀዘቅዘዋል። ሲሞቅ በጥቂቱ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የዛፍ ሥር ይገባል። ሥሩ ሲወፍር ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቀዋል።

ዝናብም አለ። የዝናብ ውሃ ከአየር ላይና ከበሰበሰ ቅጠል ጋዝ ይቀበላል። ያን ጊዜ በጣም የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ እንደ ማለት ነው። ለምላሳችን አይታወቅም። ድንጋይ ግን ያውቀዋል። ቀስ እያለ ያሟሟዋል።

የአሪቻ አፈር ለምን ቀይ ሆነ? ምክንያቱ ይኸው ነው። የአካባቢያችን ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ድንጋይ የተሠራ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ብረት አለ። ድንጋዩ በዝናብ ሲበሰብስ ብረቱ ይዝጋል። ገጀራ ውጭ ቢያድርና ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል? ቀይ ዝገት ያወጣል። የአፈራችንም ቅላት የዝገት ቅላት ነው። ቡናውንና እንሰቱን የተሸከመው አፈር ድሮ ድንጋይ ነበረ ማለት ነው።

የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ያያችሁ ትኖራላችሁ። ጨልባ ቱቲቲ፣ ቱቶ ፈላ፣ ሳካሮ ሶዶ የሚባሉት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች ወደ 2000 ዓመት ግድም ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም. አስታውቀዋል። የጥንት ሰዎች ጠርበው ሲያቆሟቸው ገጻቸው የተስተካከለ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ሻክረዋል፤ ሽበት ለብሰዋል። የወደቁና የተሰበሩም አሉ። 2000 ዓመት ለሰው ረጅም ነው። ለድንጋይ ግን ገጹን ለማጎርበጥ ብቻ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ወንዝ ድንጋይን የሚበላባቸው 3 መንገዶች

ድንጋይ ከተሰነጠቀና ከላላ በኋላ ወንዝ ይቀበለዋል። ወንዝ ሥራውን የሚሠራው በ3 መንገድ ነው።

1ኛ. በመግፋት። ውሃ ከባድ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሙሉ ውሃ 1000 ኪሎ ይመዝናል። 10 ኩንታል ማለት ነው። ይህ ክብደት ቁልቁል ሲወርድ የላላውን ድንጋይ ይነቅለዋል፤ ያንከባልለዋል።

2ኛ. በመፍጨት። ይህ ዋናው ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ጠንካራ አለትን እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው ውሃው የተሸከመው አሸዋና ጠጠር ነው። ይህን ለመረዳት የእናቶችን ወፍጮ ማየት ይበቃል። መጁ ከታችኛው ድንጋይ ጋር ሲፋተግ እህሉ ይደቃል። ድንጋዩም አብሮ ያልቃል። ወፍጮው እየለሰለሰ ስለሚሄድ በየጊዜው ይወቀራል። በዱቄት ውስጥ አልፎ አልፎ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነገር የሚገኘውም ከዚያ ነው። ወንዝም እንደዚሁ ነው። የወንዙ ወለል የታችኛው ወፍጮ ነው። የሚንከባለለው ድንጋይ መጁ ነው። የሚፈጨውን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ውሃው ነው። ወንዝ ግን እንደ ሰው አይደክመውም።

3ኛ. በማሟሟት። ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ አንዳንድ ድንጋይም በውሃ ይሟሟል። የኖራ ድንጋይ በዚህ ይታወቃል። በባሌ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋይ ተራራ አግኝቶ፣ ድንጋዩን እያሟሟና እየቦረቦረ ውስጥ ለውስጥ መንገድ አበጀ። የዋሻው መተላለፊያዎች ሲደመሩ ርዝመታቸው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ ሰው አልቆፈረውም።

ፍጥነት ሲጨምር

ወንዝ ሁልጊዜ እኩል አይሠራም። በበጋ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ድንጋዮቹም ባሉበት ይተኛሉ። ክረምት ሲገባ ግን ውሃው ይደፈርሳል፤ ያገሣል። ሌሊት ከወንዝ ዳር ያደረ ሰው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ወንዙ እየፈጨ ነው።

የወንዝ አጥኚዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አስልተዋል። የውሃው ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን፣ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት 2 እጥፍ ብቻ አይደለም የሚሆነው። እስከ 64 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ትናንት 1 ኪሎ ድንጋይ ያንከባልል የነበረ ውሃ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን 64 ኪሎ ሊያንከባልል ይችላል። ይህ ከግማሽ ኩንታል ይበልጣል።

በአንድ የደራሽ ጎርፍ ሌሊት ወንዝ የብዙ ወራት ሥራ የሚሠራው ለዚህ ነው። ደራሽ ውሃ እስከ ጉልበት ብቻ ቢሆንም ሰው የሚጥለው ለዚህ ነው። «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» ብሎ መግባት ስሕተት ነው። የዛሬው ውሃ የትናንቱ አይደለም። ላይ አገር ዘንቦ ይሆናል። ውሃው ጎድሎ እስኪጠራ መጠበቅ ይሻላል።

ውሃ እንደ ቡና አጣቢ ይለያል

ውሃ የተሸከመውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አይወስድም። በየመንገዱ ያራግፋል። አራገፈ ሲባል ግን ዝም ብሎ አይበትንም፤ ይለያል።

እሸት ቡና የሚታጠብበትን ቦታ አስቡ። ቡናው በውሃ መውረጃው ላይ ሲለቀቅ ምን ይሆናል? ፍሬው የሞላና ከባድ የሆነው ከታች ይቀራል። ቀላሉና ባዶው በውሃው ላይ ተንሳፎ ወደ ፊት ይሄዳል። ሠራተኞቹ በዚህ መንገድ ጥሩውን ከመናኛው ይለያሉ። የለየው ውሃው ነው።

ወንዝም እንዲሁ ያደርጋል። ዳገቱ በረድ ማለት ሲጀምር ትልልቁን ድንጋይ ይጥላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠጠሩን ይጥላል። ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል። ደቃቁን ጭቃ ግን ውሃው ጸጥ እስኪል ድረስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በደጋ ወንዝ ውስጥ ትልልቅ ድንጋይ እናያለን። በቆላ ወንዝ ዳር አሸዋና ጥቁር ደለል እናያለን።

ይህን በቤት መሞከር ይቻላል። ጎርፍ በሚወርድበት ቀን፣ ወንዝ ውስጥ ሳትገቡ፣ ከመንገድ ዳር ቦይ የደፈረሰ ውሃ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቅዱ። ከድኑና ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ተመልከቱ። ከታች አሸዋ ተኝቷል። በላዩ ደቃቅ አፈር አለ። በላዩ ደግሞ እንደ ቅባት የለሰለሰ ጭቃ አለ። ውሃው ገና ቀይ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ማሳ ነው።

ከአሪቻ እስከ አባያ

አሪቻ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። በምዕራብ በኩል፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኘው አባያ ሐይቅ ግን ወደ 1170 ሜትር ግድም ላይ ነው። ውሃ ከላይ ወደ ታች በአጭር መንገድ ይወርዳል። ስለዚህ ወንዞቻችን ፈጣኖች ናቸው። የጌዴኦ ወንዞች አብዛኞቹ መጨረሻቸው አባያ ነው።

ወንዝ ከደጋ ሲነሣ ወደ ታች ይቆፍራል። ስለዚህ ሸለቆው ጠባብና ገደላም ይሆናል። ጠንካራ አለት ከላይ፣ ለስላሳ ድንጋይ ከታች ሲገጥመው የታችኛውን ቶሎ ይበላዋል። ያን ጊዜ ፏፏቴ ይፈጠራል። ወደ ቆላ ሲደርስ ግን ወደ ታች መቆፈሩን ይተዋል። ወደ ጎን መብላት ይጀምራል። እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በጥምዝምዙ በውጭ በኩል ዳርቻውን ይንዳል። በውስጥ በኩል አሸዋ ያስቀምጣል። በዚህ ምክንያት በቆላ ወንዝ ዳር መሬት ያለው ገበሬ፣ አንዱ መሬቱ ሲቀነስ ሌላው ሲጨመርለት ያያል።

አባያ ሐይቅን ያየ ሰው ቀለሙን ይጠይቃል። ውሃው ቀይ ቡናማ ነው። አጠገቡ ያለው ጫሞ ሐይቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለቱን የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ቀጭን ኮረብታማ መሬት ብቻ ነው። አባያን ያቀላው ምንድን ነው? ወንዞች ከደጋ ይዘውት የወረዱት ደቃቅ አፈር ነው። አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ነፋስና ሞገድም መልሰው ያማስሉታል።

ዓባይ የቆፈረው ገደል

ከአካባቢያችን ወጥተን አንድ ትልቅ ምሳሌ እንይ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ መሬት ያልቅበታል። ከፊቱ የዓባይ ሸለቆ አለ። ማዶ ደጀን ትታያለች። ጥልቀቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪና ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ይወጣል።

ይህን ገደል የቆፈረው ወንዙ ነው። በግድግዳው ላይ የድንጋዩ ንብርብር እንደ እንጀራ መሶብ ተደራርቦ ይታያል። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲል የአሸዋ ድንጋይ አለ። ዓባይ እያንዳንዱን ቆርጦ አለፈ። ለዚህ ሚሊዮኖች ዓመታት ፈጅቶበታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለወንዝም ይሠራል።

ታዲያ ከገደሉ የወጣው ድንጋይና አፈር የት ገባ? «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱ ብቻ አይደለም። አፈርም ይዞ ሄዷል። የግብፅ ገበሬ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያረሰው ለም ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራራ የወረደ ነው። ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ደለሉ ተከማችቶ ሰፊ አዲስ መሬት ሠርቷል።

በአገራችንም ደለል ችግር ያመጣል። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ውስጥ ብዙ ደለል ተከማችቷል። ደለል የያዘውን ቦታ ውሃ ሊይዘው አይችልም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የዚህም ግድብ ዕድሜ ከዳገቱ ላይ አፈር በመያዝና ባለመያዝ ላይ የተመሠረተ ነው። በደጋ አንድ ገበሬ የሠራው እርከን ግድብንም ይጠብቃል ማለት ነው።

ሞገድስ?

ወንዝ ይፈሳል። ሐይቅና ባሕር ግን አይፈሱም። ይሁን እንጂ እነሱም ድንጋይ ይበላሉ። የሚበሉት በሞገድ ነው።

ሞገድ የነፋስ ልጅ ነው። ነፋስ በውሃ ላይ ሲነፍስ ውሃው ይነሣል፤ ይተኛል። ሐይቁ ሰፊ ሲሆንና ነፋሱ ሲበረታ ሞገዱ ትልቅ ይሆናል። ዳር ሲደርስ ይሰበራል፤ ዳርቻውን ይመታል። ተመልሶ እንደገና ይመታል። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና አየሩን ይጨምቀዋል። ስንጥቁ ይሰፋል። ሞገዱ የያዘው አሸዋና ጠጠር ደግሞ ዳርቻውን ይፍቀዋል።

ሞገድ የሚመታው ከሥር ነው። ስለዚህ ዳርቻው ከሥር ይቦረቦራል። ከላይ ያለው መሬት ድጋፉን ያጣል። አንድ ቀን ይናዳል። ሞገዱ የተናደውን ይፈጭና ይወስዳል። እንደገና ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር በምሥራቅ በኩል ሆልደርነስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። መሬቱ ጠንካራ አለት ሳይሆን ሸክላማ ነው። ባሕሩ በአማካይ በዓመት ወደ 2 ሜትር ግድም ይበላዋል። ድሮ መንደር የነበሩ ቦታዎች ዛሬ በባሕር ውስጥ ናቸው።

ወንዝና ሞገድ የሚገናኙበትን ቦታ ደግሞ እንይ። ቅድም ዓባይ በግብፅ አዲስ መሬት ሠራ ብለናል። ወንዙ በየዓመቱ ደለል ያመጣል፤ የባሕሩ ሞገድ ከዳር ይበላል። ሁለቱ ተመጣጥነው ለረጅም ጊዜ ኖሩ። በ1962 ዓ.ም. የአስዋን ትልቁ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ደለሉ በግድቡ ውስጥ ቀረ። ሞገዱ ግን መብላቱን አላቆመም። ረሺድ በሚባለው ቦታ ባሕሩ ወደ ውስጥ ብዙ ገባ። ግብፆች ዳርቻውን በድንጋይ ግንብ ለመከላከል ተገደዱ።

ከዚህ ምን እንማራለን? መሬት የቆመ ነገር አይደለም። ገቢና ወጪ አለው። ከሚመጣው የሚሄደው ከበለጠ መሬቱ ያልቃል።

የእኛ ማሳ ገቢና ወጪ

እስቲ ይህን ሒሳብ ወደ ማሳችን እናምጣው።

ወጪውን እናስላ። ሩብ ሄክታር መሬት ያለውን ሰው እንውሰድ። አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ ማሳ ላይ 75000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 3750 ጀሪካን ነው። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ቀን በዳገት ማሳ ላይ ሲፈስ አስቡት!

ጉዳቱ የሚጀምረው ገና ከጠብታው ነው። ትልልቁ የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈርን ሲመታ እንደ ትንሽ መዶሻ ነው። አፈሩን ይበትነዋል፤ ያፈናጥረዋል። ከቤት ግድግዳ ሥር ከዝናብ በኋላ የሚታየው የጭቃ ፍንጥቅጣቂ የጠብታ ሥራ ነው። የተበተነውን አፈር የሚፈሰው ውሃ ይጠርገዋል።

አሁን 1 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ሄደ እንበል። 1 ሚሊ ሜትር የጥፍር ውፍረት ያህል ናት። በዓይን አትታይም። በሩብ ሄክታር ላይ ግን 25 ኩንታል ግድም አፈር ነው! በ25 ጆንያ ሞልቶ ሌባ ቢወስደው አገር ይጮኻል። ውሃ ሲወስደው ግን ማንም አይጮኽም።

ገቢውስ? ቅድም እንዳልነው አፈር የሚፈጠረው ድንጋይ ሲበሰብስ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር እስከ 1000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሒሳብ የጥፍር ውፍረት ያላት አፈር የ30፣ የ50 ዓመት ሥራ ልትሆን ትችላለች። ወጪው የአንድ ክረምት፣ ገቢው የአንድ ሰው ዕድሜ።

አባቶች ያገኙት መላ

ታዲያ የጌዴኦ ዳገት እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ? ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው። ሕዝቡም ብዙ ነው። በሒሳቡ ከሆነ አፈሩ ድሮ ማለቅ ነበረበት።

መልሱ በጓሯችን አለ። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ብሳናው አለ። ከሥሩ እንሰቱ አለ። ከእንሰቱ ጋር ቡናው አለ። ከቡናው ሥር ጎመንና ሌላ ተክል አለ። ከሁሉም ሥር የረገፈ ቅጠል አለ። ጠብታው ከሰማይ ሲመጣ በአንደኛው ፎቅ ይመታል፤ ጉልበቱ ይሰበራል። በሁለተኛው እንደገና ይመታል። የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ውሃውን እንደ አሸንዳ ተቀብሎ ወደ ግንዱ ያወርደዋል። መጨረሻ ላይ የረገፈው ቅጠል ይቀበለዋል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ምድር ይሰርጋል። ሥሮቹም አፈሩን ጨብጠው ይይዙታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ረጅም ዛፍ ብቻውን አይበቃም። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ የተጠራቀመ ውሃ ትልቅ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ከሥሩ ባዶ መሬት ካገኘ ይቆፍራል። አፈሩን ይበልጥ የሚጠብቀው ወደ መሬት የቀረበው ተክልና የረገፈው ቅጠል ነው። ስለዚህ ከማሳ ላይ ቅጠልን ጠርጎ ማቃጠል የአፈርን ልብስ እንደ መግፈፍ ነው።

ይህን የአባቶችና የእናቶች ጥበብ ዓለም አውቆታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መመዝገቡ ክብር ነው። ወረቀት ግን አፈር አይዝም። አፈር የሚይዘው ዛፉና እንሰቱ ነው። እንሰትና ቡና ተነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ዳገት ፎቆቹን አጥቷል። ገንዘቡ ቶሎ ይመጣ ይሆናል። ገንዘቡ ሲቆጠር ግን በጎርፍ የሄደው አፈርም አብሮ መቆጠር አለበት።

ዳገቱ ራሱ ሲንሸራተት

ውሃ ሁልጊዜ ከላይ ብቻ አይሠራም። ለብዙ ቀን ሲዘንብ ወደ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። አፈሩ ይከብዳል፤ ይላላል። ከሥሩ ካለው አለት ጋር የነበረውን መያዣ ያጣል። ያን ጊዜ ዳገቱ በሙሉ ይንሸራተታል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ። ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ ወርዶ የሚረዱትንም ቀበረ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመተዛዘን የመጡ ሰዎች በመሞታቸው ኀዘኑ እጥፍ ሆነ።

ዳገት ከመናዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

— ከቤት በላይ ባለው ዳገት አዲስ ስንጥቅ ይታያል።
— ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር ይዘማል።
— የቤቱ በር አልዘጋ ይላል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል።
— ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ይፈልቃል፤ ወይም የጠራው ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል።

ይህን ያየ ሰው ለጎረቤቱና ለቀበሌው ይንገር። ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ ከዳገቱ አቅጣጫ ወደ ጎን ይውጣ። ናዳ ወርዶ ለመርዳት ስንሄድም ሁላችን አንቆፍር። ላይኛውን ዳገት የሚጠብቅ ሰው እናቁም። እሱ ሲጮኽ ሁሉም ይሽሽ።

ምን እናድርግ?

1. ከዝናብ በኋላ ማሳችንን ዞረን እንይ። የዛፍና የቡና ሥር ከመሬት በላይ ወጥቶ ከታየ አፈሩ ሄዷል ማለት ነው። ሥሩ የወጣበትን ከፍታ በስንዝር እንለካ።
2. የረገፈ ቅጠልና የተመለመለ ቅርንጫፍ አናቃጥል። በቡናውና በእንሰቱ ሥር እንጎዝጉዘው።
3. ባዶ ቦታ በቶሎ ይሸፈን። እንሰት የተነቀለበት ጉድጓድ ሳይተከልበት አይቆይ።
4. ትንሽ ቦረቦር ሳይሰፋ ይደፈን። ዛሬ በድንጋይና በቅርንጫፍ የሚዘጋው የዛሬ 3 ዓመት በሰው ጉልበት አይዘጋም።
5. ከመንገድና ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይለቀቅ እንነጋገር። አንዱ ቦይ የሌላው ቦረቦር ይሆናል።

አዳዲስ ቃላት

ደለል — ውሃ ተሸክሞ የሚያስቀምጠው አፈርና አሸዋ።
ቦረቦር — ጎርፍ የቆፈረው ቦይ መሰል ጉድጓድ።
ሞገድ — ነፋስ በውሃ ላይ የሚያስነሣው ከፍና ዝቅ።
አለት — ያልተፈረካከሰ የመሬት ድንጋይ።
እርከን — በዳገት ላይ ውሃና አፈር ለመያዝ የሚሠራ ደረጃ።

በቡድን ተወያዩ

1. የወንዝ ድንጋይ ለምን ልስልስ ሆነ? ከወፍጮና ከመጅ ጋር እያመሳሰላችሁ አስረዱ።
2. አባያ ሐይቅ ለምን ቀላ? የአሪቻ ሰው በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?
3. በልጅነታችሁ የምታውቁት ወንዝ ዛሬ ሰፍቷል ወይስ ጠቧል? ምክንያቱ ምንድን ነው? አረጋውያንን ጠይቁና የነገሯችሁን በ5 መስመር ጻፉ።
4. በጠርሙስ ያሳደራችሁት ውሃ ስንት ጣት ጭቃ አስቀመጠ? ቅጠል ካለበት ማሳ የወረደውንና ከባዶ ማሳ የወረደውን ለያይታችሁ ቅዱ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉና በሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።